ያላስጨረስኩት ሰው

እህቴ ሰዓት ሠሪ ናት። ሴት ሰዓት ሠሪ ብዙ ስለማይገኝ በሯ ላይ ቆመው "ሠሪው የለም?" የሚሏት ደንበኞች ዛሬም አሉ። እሷም ማጉያ መነጽሯ ዓይኗ ላይ እንደተሰካ፣ ቀና ሳትል፣ "ሠሪው እኔ ነኝ፤ ይቀመጡ" ትላቸዋለች። ሥራውን የወረሰችው ከአባታችን ነው። አባታችን እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር፤ ግን በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ አስነጥሼ ሦስት ብሎን ስላጠፋሁበት "አንቺስ አስተማሪ ብትሆኚ ይሻላል" ብሎ አሰናበተኝ። እንዳለውም ሒሳብ አስተማሪ ሆንኩ። የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ማክበብ ለምዶብኛል፤ አመሌ ከክፍል ውጭም አይለቀኝም።

ሱቋ ጠባብ ናት። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሰዓት ነው፤ ሁሉም ግን የየራሱን ስለሚናገር፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ጎራ ያለ መንገደኛ ግራ ተጋብቶ ይወጣል። መሥሪያ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ቢጫ ለስላሳ ጨርቅ ሁልጊዜ ተነጥፏል፤ ወረንጦዋ፣ የዘይት ብልቃጧና ጥቃቅን መፍቻዎቿ እዚያ ላይ በወግ ይደረደራሉ። አንዱን ካነሳሁባት ጀርባዋን ሰጥታኝም ቢሆን ታውቃለች።

አንድ ሕግ አላት። ሠርታ የጨረሰችውን ሰዓት ሦስት ቀን ሳታየው ለባለቤቱ አትሰጥም። አንድ ቀን በጀርባው አስተኝታ፣ አንድ ቀን በጎኑ አቁማ፣ አንድ ቀን ደግሞ የራሷ እጅ ላይ አስራው ትውላለች። ከተጠገነ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰዓት ጨዋ ነው፣ አመሉ የሚወጣው ቆይቶ ነው ትላለች። ክዳኑን ከመግጠሟ በፊትም ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ቀኑንና የራሷን ምልክት ትጭርበታለች። ይሄ የሰዓት ሠሪዎች ሁሉ ልማድ ነው፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ማን እንደነካው እንዲያውቅ ነው።

ለብረት እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት፣ ለሰው ሲሆን ግን ጨርሳ ሌላ ነበረች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አንድ የመንገድ ቀያሽ ወደደች። ቀያሹ መልከ ቀና፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲመጣ ቤት የሚሞላ ሰው ነበር። ችግሩ መምጣቱ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ብሎ አሥራ አንድ ላይ ይደርሳል፤ ቅዳሜ ብሎ በሳምንቱ ማክሰኞ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴም ለወር ደብዛው ይጠፋና ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱን ይዞ "ናፍቀሽኝ ነበር" እያለ ይገባል። እሷም ትስቃለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሻይ ቤቱ መስታወት ውስጥ አየኋት። ከፊቷ ሁለት ስኒ ሻይ ተቀምጧል። ሲደርስ እንዳይጠብቅ ብላ የእሱንም አዝዛለታለች፤ ሁለቱም ቀዝቅዘው ላያቸው ላይ ስስ ቆዳ ሠርተዋል። ገብቼ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ።

"እትዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነሽ እዚህ?"

"ትንሽ ነው። እየመጣ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። ግን እየመጣ ነው። መንገድ ተበላሽቶበት ይሆናል።"

"መንገዱን የሚሠራው እሱ አይደለም እንዴ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ እሷም በነጋታው በደንብ የተቀነባበረ ምክንያት ይዛለት ጠበቀችኝ። እሱ ለራሱ እንዲህ ያለ ጠበቃ ቢፈልግ አያገኝም ነበር። ሰው ማመኗ አልነበረም የሚያናድደኝ፤ ያመነችው ሰው ምንም ሳይደክም በየጊዜው ነጻ መውጣቱ ነው እንጂ።

መጨረሻውን በስልክ ሰማች። ሦስት ሳምንት ድምፁ ሲጠፋባት መሥሪያ ቤቱ ደወለች፤ ጸሐፊዋ በትሕትና "ለሠርጉ ፈቃድ ወጥቷል። ማን ልበል?" አለቻት። እህቴ "ሰዓት ሠሪዋ በይው" ብላ ስልኩን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የጀመረችውን ሰዓት ጨረሰች። ማልቀስ የጀመረችው ከሁለት ቀን በኋላ፣ እናታችን ቤት፣ ድንች እየላጠች ነው። ቢላዋውን ከእጇ ተቀብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው ሕጉን ያወጣሁላት። አስተማሪ ነኛ። "ከእንግዲህ" አልኳት፣ "የቀጠረሽን ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ትጠብቂዋለሽ። በአሥራ ስድስተኛው ቦርሳሽን አንስተሽ ትሄጃለሽ። ወደ ኋላ መዞር የለም፤ ምክንያት መስማት የለም።" እናታችን ከወዲያ ማዶ "ልጆቼ፣ ሰው እኮ ነው፤ ሰው ይዘገያል" አለች። እኔ ለእናቴ መልስ እንኳን አልሰጠኋትም። እህቴ ግን በቁጥር የተነገራትን ነገር ትወዳለች፤ ዓይኗን ጠርጋ "አሥራ አምስት" ብላ ደገመችው።

አናጺው የመጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። የወርክሾፑን የግድግዳ ሰዓት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ገባና፣ የእህቴን ጠረጴዛ ጎንበስ ብሎ አይቶ "ይሄ እግሩ ይወዛወዛል፤ እንዴት ይሠሩበታል?" አላት። በማግስቱ አንድ ሽብልቅ እንጨት ይዞ መጥቶ ከእግሩ ሥር ሰክቶላት ሄደ። በሳምንቱ ለብሎኖቿ ሃያ አራት ጉድጓድ ያለው መሳቢያ ሠርቶ አመጣ። ብዙ አያወራም። ሲያወራ ደግሞ ቃሉን እንደ ሚስማር አፉ ውስጥ ይዞ አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። እኔ መጀመሪያ "ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ዓረፍተ ነገር የሚጨርሰው?" እያልኩ እቀልድበት ነበር። እህቴ ግን አንድ ነገር አስተውላለች፤ አሥር ሰዓት እመጣለሁ ካለ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ይንኳኳል። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልዘገየም።

እሷም ቀስ በቀስ ተመለሰች። ፀጉሯን በአዲስ መልክ መሥራት ጀመረች፤ ሥራ ላይ ሆና ታንጎራጉራለች። እኔ ሁሉን በጎን ዓይኔ እከታተላለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈርቻለሁም። እንደ ስድስቱ ዓመት ዳግም ስትሰበር ለማየት አቅም አልነበረኝም።

አንድ ረቡዕ አናጺው የአባቱን የእጅ ሰዓት አመጣ። በእጅ የሚሞላ፣ ፊቱ ቢጫ የሆነ የድሮ ሰዓት ነው፤ ከቆመ ዓመታት አልፈውታል። ሰዓቱን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ልማዱ ብዙ ቆይቶ፣ "እሑድ እናትሽ ጋ ብንሄድ ምን ይመስልሻል? ልጠይቃቸው የምፈልገው ነገር አለ" አላት። ምን እንደሚጠይቅ ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ቀጠሮው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ሻይ ቤቱ ውስጥ ሆነ። ቤታችንን ስለማያውቅ ከዚያ እሷ ይዛው ትመጣለች።

እህቴ ሰዓቱን ፈትታ፣ አጥባ፣ ቀብታ፣ ገጥማ ስትጨርስ ዓርብ ከሰዓት ሆነ። በሕጓ ቢሆን እስከ ሰኞ ድረስ መቆየት ነበረበት። ግን አናጺው እናታችን ፊት ሲቀርብ የአባቱን ሰዓት እጁ ላይ አስሮ እንዲሆን ፈለገች። ቅዳሜ ጠዋት ሰጠችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ሦስት ቀን ሳታየው ከእጇ የወጣ ሰዓት እሱ ብቻ ነው። "አንድ ሌሊት አይቼዋለሁ፣ ደህና ይሄዳል" አለችኝ፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ አሁንም ይታየኛል።

ያኔ ስልክ በየሰው ኪስ አልነበረም። እሑድ እሷ ከዘጠኝ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሻይ ቤቱ ገባች። ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ከአምስት ሆነ። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያቺ የድሮዋ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠችው። በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ቦርሳዋን አነሳች።

እናታችን ቤት ጠረጴዛውን አሰናድተን፣ የወንበሮቹን አቧራ ጠርገናል፤ እናታችን ጥሩ ሻርፗን ለብሳ ተቀምጣለች። እህቴ ብቻዋን ገባች። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ "አይመጣም" አለች። እኔ አቀፍኳትና "ጎበዝ፤ እንዲህ ነው" አልኳት። አዎ፣ ጎበዝ ብያታለሁ። እናታችን ሻርፗን ቀስ ብላ ከትከሻዋ አወረደችና አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ እህቴ አሞኛል ብላ ተኛች። ትምህርት ቤት ለእረፍት ተዘግቶ ስለነበር ሱቁን እኔ ከፈትኩ። ስድስት ሰዓት ላይ አናጺው መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ የመጋዝ ብናኝ ግን አንገቱ ላይ አለ። የአባቱ ሰዓት ግራ እጁ ላይ ነበር።

"ደህና ዋልሽ። እህትሽ የለችም?"

"የለችም።"

"ትናንት እኔ... ሻይ ቤት ደርሼ ነበር። ዘግይቼ። ሰዓቱ..."

አላስጨረስኩትም። ቀያሹ ቀለል ባለ አንደበቱ ለስድስት ዓመት የተናገረው ሁሉ ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። "ስለ ሰዓት ለእሷ ነው የምታስረዳው?" አልኩት። "እህቴ ሰው ጠብቃ ጠብቃ ጨርሳለች። ትርፍ የላትም። ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ባትመጣ ይሻላል።"

አየኝ። የሸሚዙን እጅጌ ሰዓቱ ላይ አወረደው። "እሷ ናት ያለችው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እሷ ናት" አልኩት።

"እሺ" አለ። በሩ ጋ ሲደርስ "ሰላም በይልኝ" አለኝ። ሰላምታውንም አላደረስኩም።

ረቡዕ እህቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጠረጴዛዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ነገሩ ብዙ እንዳላስጨነቃት ለማስመሰል እየሞከረች፣ "አልመጣም አይደል?" አለችኝ።

"አልመጣም" አልኳት።

ለእሷ ብዬ ነው። ይሄን ለራሴ ሺህ ጊዜ ብያለሁ። መጥቶ ነበር ብላት ትለሰልሳለች፣ ከለሰለሰች ደግሞ ሁለተኛ ስድስት ዓመት ይጀምራል ብዬ ነው። ክብሯን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ከማዶ አይቷት እጁን ከፍ አደረገ፤ እሷ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳን ሱቄን አልረገጠም ብላ ስለምታስብ አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈችው። እሱ ደግሞ አባራኛለች ብሎ ነው የሚያስበው። በመካከላቸው የቆመው ነገር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁለቱም አላወቁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ማግባቱን ሰማን። እህቴ "ይቅናው" አለች፤ ከልቧ ነው።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ሰባት ዓመት አለፈ። እናታችን አረፈች። እህቴ ፀጉሯ ከፊት ሸበተ፤ ሌላ ሰው ወደ ሕይወቷ አልገባም፤ የሞከሩ ነበሩ፣ ሁሉም አሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ቀሩ። አንድ ቅዳሜ ሱቅ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም፣ አንዲት ፊቷ ሙሉ ደስተኛ ሴት ገባች። መሥሪያ ቤቷ ወደዚህ ሰፈር እንደተዛወረ፣ ባልደረባዋ ይህችን ሱቅ እንዳመላከተቻት ገና ሳትቀመጥ ነገረችን። ከዚያ ከቦርሳዋ ፊቱ ቢጫ የሆነ የድሮ የእጅ ሰዓት አውጥታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች።

የእህቴ እጅ ቆመ። እኔም እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

"የባለቤቴ ነው፤ ከአባቱ የቀረ" አለች ሴትየዋ። "መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል። እየሄደ እየሄደ ድንገት ይቆማል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው እንደገና ይነሳል። በዚህ የተነሳ አንድ ቀን ትልቅ ቀጠሮ አበላሽቶበታል መሰለኝ፤ ዝርዝሩን አይነግረኝም። ሌላ ሠሪ ጋ ውሰደው ስለው፣ ሌላ ሰው ከከፈተው የመጀመሪያው ሠሪ ስም ይጠፋል ይላል። እንግዲያው ወደ መጀመሪያው ሠሪ ውሰደው ስለው ደግሞ ዝም ይላል። ሳይሰማ አሠርቼ ላስደንቀው ብዬ ነው።"

እህቴ ማጉያውን ዓይኗ ላይ ሰክታ ክዳኑን ከፈተች። ከክዳኑ ውስጥ የራሷ ምልክት አለ፤ የዚያ ዓርብ ቀን አለ። ከዚያ በኋላ የተጫረ ሌላ ምልክት የለም። ማንም አልከፈተውም ማለት ነው። ወረንጦዋን አስገብታ፣ ብዙ ፈልጋ፣ ከጥርሶቹ መሃል አንዲት ቀጭን ነገር ስባ አወጣች። ከራሷ ጨርቅ የተነቀለች ቢጫ ክር ነበረች፤ ከዓይን ሽፋሽፍት ብታጥር እንጂ አትረዝምም። ክሯ ጥርሱ ውስጥ ስትገባ ሰዓቱ ይቆማል፤ እጅ ሲነቃነቅ ትወጣና ይሄዳል። ሦስት ቀን ቢታይ ኖሮ ሁለት ሦስት ጊዜ በቆመ ነበር።

"ይሠራል?" አለች ሴትየዋ።

"ይሠራል። በሦስተኛው ቀን ይምጡ" አለቻት እህቴ። ድምጿ የራሷ አይመስልም ነበር።

ሴትየዋ ከወጣች በኋላ እህቴ ክሯን ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣ ብዙ አየቻት። በመጨረሻ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "በማግስቱ መጥቶ ነበር?" አለችኝ።

ለሰባት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ነው። "መጥቶ ነበር" አልኳት።

"ምን አለ?"

"ሰዓቱ ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። እሷ ናት ያለችው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማጉያውን ከዓይኗ አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ቆሽሾ አልነበረም።

"ብቻሽን አይደለሽም" አለች። "እኔም እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያየሁት እሱን አልነበረም፤ ቀያሹን ነው። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ቀን ያልዘገየ ሰው ዛሬ ምን ሆኖ ነው ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም። ሥራዬ እኮ ነው። ደህና ይሄድ የነበረ ሰዓት ሲቆም ከፍተሽ ታያለሽ እንጂ አትጥይውም።" ማጉያውን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። "ለዚያኛው ስድስት ዓመት ሰጠሁት። ለዚህኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ነፈግነው።"

እግሯ ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግሁ። "ተይ፣ ወረቀትሽን እረሚ" አለችኝ። ያን ቀን አንድም ወረቀት ማረም አልቻልኩም።

ሰዓቱን አንድ ቀን አስተኛችው፣ አንድ ቀን አቆመችው፣ በሦስተኛው እጇ ላይ አሰረችው። ከጠዋት ጀምሮ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባ ነው የዋለችው። ሴትየዋ አሥር ሰዓት ላይ ስትመጣ እህቴ ቀስ ብላ ፈትታ፣ ጠርጋ፣ ጆሮዋ ጋ አስጠግታ አዳምጣ ሰጠቻት።

"ስንት ልክፈል?"

"ምንም። አንድ መልእክት ብቻ ያድርሱልኝ" አለች እህቴ። "ጥፋቱ የሠሪዋ ነበር ይበሉት። የባለቤቱ አልነበረም።"

"ይሄን ብቻ?"

"ይሄን ብቻ።"

ሴትየዋ ነገሩ ግራ ቢገባትም ፈገግ ብላ አመሰገነች። ከእህቴ አጠገብ ነበርኩ። እኔም የምጨምረው አለኝ፤ ያን ቀን እሷ ናት ያልኩህ ውሸት ነው፣ እሷ ምንም አላለችም በይው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ይህችን ደስተኛ ሴት አየኋት፤ ሰባት ዓመት የዘገየ እውነት አሁን ቤቷ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ አሰብኩ። አፌን ዘጋሁ። እሷም ሰዓቱን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ ደህና ዋሉ ብላን ወጣች። እህቴ ቀጣዩን ሰዓት አነሳች።